ደረቅ ጠጅ፣ ነጭ ወይንና የፍየል ጥብስ፦ ከቦሬ እስከ ነገሌ ለሚዘረጋ ማዕድ

ነጭ ወይን ጠጅ መቅመስ ለብዙ ሰው የትልልቅ ሆቴሎች ወግ ይመስለዋል። ጠጅ የለመደ አፍ ግን የሥራውን ግማሽ ጨርሷል። ለስላሳውን ከደረቁ፣ የጌሾውን ምሬት ከኮምጣጣው የሚለይ ሰው ቪኞ ቬርዴ የተባለውን የፖርቱጋል ነጭ ወይን ለመረዳት ሌላ ምላስ አያስፈልገውም። የሚቀረው ቀስ ብሎ መቅመስና መጠጡን ከቀረበው ምግብ ጋር ማስተያየት ነው። ይህን የምጽፈው በቦሬ፣ በአዶላ፣ በነገሌ ቦረናና ከዚያ ወዲያ ባሉት የቆላ ከተሞች እንግዳ ለሚቀበሉ፣ ወይም ወደዚያ ለሚወርዱ ሰዎች ነው። ስብና ቅቤ በሚበዛበት በዚህ አገር ማዕድ ላይ የሚያዋጣው ጣፋጩ ሳይሆን ኮምጣጣው መጠጥ ነው ብዬ አምናለሁ። እውነት መሆን አለመሆኑን በጨውና በሎሚ ራስዎ የሚፈትኑበትን መንገድ ከታች ያገኛሉ።

ሦስት መጠጥ ያዘጋጁ

አንድ መጠጥ ለብቻው ሲቀመስ ብዙ አይናገርም፤ ጎን ለጎን ሲቀርብ ነው ጠባዩ የሚወጣው። ሦስት ቢያገኙ መልካም፣ ሁለትም ይበቃል።

የመጀመሪያው ደረቅ ጠጅ ነው። ጠጅ ቤት ሲገቡ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ ተብለው ይጠየቃሉ፤ ለዚህ ሥራ ደረቁን ይጠይቁ። ቤትዎ የሚጥሉ ከሆነ ማሩን ይምረጡ። ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ብርዳማዋ ቦሬ የምታወጣው የደጋ ማርና በነገሌ ዙሪያ ከግራር አበባ የሚገኘው የቆላ ማር አንድ ዓይነት ጠጅ አይሰጡም። የግራር ማር ፈካ ያለና ለዘብ ያለ ሲሆን፣ ንቦቹ ግራዋና ብሳና የቀሰሙበት ማር ጠቆር ብሎ በመጨረሻ ላይ መረር ይላል። ሻጩን ማሩ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ፣ ያኔ ምን አብቦ እንደነበር ይጠይቁት። ማሩን የሚያውቅ ሻጭ መልስ አያጣም። ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ የተለመደ ልክ ነው፤ ውሃው ሲበዛና ቆይታው ሲረዝም ጠጁ እየደረቀ ይሄዳል። በስኳር የተጣለ ጠጅ ከዋጡት በኋላ ይታወቃል። አፍ ውስጥ የሚቀር የማርና የሰም ሽታ የለውም፤ ጣፋጩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ጉጂዎች ቦካ የሚሉት የራሳቸው የማር መጠጥ አላቸው፤ ማርና ውሃ የከብት ፊኛ ተጨምሮበት ይብላላል። የአልኮል ኃይሉ አነስተኛ ነው። በክብር ቢቀርብልዎ ከጠጁ ጋር ያስተያዩት፤ ማር በተለያየ እጅ ምን ያህል እንደሚለወጥ ያሳያል።

ሁለተኛው የአገር ውስጥ ነጭ ወይን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነገሌ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የሚያልፏት ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ ካስትል የተባለው ኩባንያ የወይን እርሻ ያለባት ከተማ ናት። ሪፍት ቫሊ የተሰኘው ወይኗ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ሻርዶኔ ከሚባለው የወይን ዘር የሚጠመቅ ነጭ አለው። እሱ ከጠፋ አዋሽ ክሪስታልም ደረቅ ነጭ ነው። አካሲያ የሚለውን ስም ካዩ ግን ጣፈጥ ያለ መሆኑን አውቀው ይግዙ።

ሦስተኛው ቪኞ ቬርዴ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ የመጠጥ መደብሮችን ይጠይቁ፤ ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ያስይዙ። አገሩ የፖርቱጋል ሰሜን ምዕራብ ሲሆን ክልሉ በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሳው ዝናብና ቅዝቃዜ የወይኑን ፍሬ እንዳይጣፍጥ ስለሚይዘው መጠጡ ኮምጣጣና ቀላል ይሆናል፤ አብዛኛው ከ8.5 እስከ 11.5 በመቶ አልኮል ነው። ምላስ ላይ ኮርኮር የሚያደርግ ትንሽ ጋዝም ይኖረዋል። ጠርሙሱ ላይ ሎሬይሮ የሚል የዘር ስም ካለ የአበባ ሽታ ይጠብቁ፤ አልቫሪኞ ካለ ደግሞ ወፈር ያለና አልኮሉም ከፍ ያለ ነው። የባቱ ፀሐይ በተቃራኒው የፍሬውን ኮምጣጣነት ታበርደዋለች። ስለዚህ ሻርዶኔው ክብ፣ አፍ የሚሞላ ይሆናል። የሁለቱን አገር አየር ብርጭቆ ውስጥ ማግኘት ማለት ይህ ነው።

ፖርቱጋሎችና የእኛ ጠጅ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል ከመጣው መልእክተኛ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት እዚህ ቆይቶ፣ ያየውን ጽፎ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሞለታል። የማር ጠጁንም፣ ለቅዳሴ ከዘቢብ የሚዘጋጀውንም ወይን መዝግቧል።

ሲገዙ ጠርሙሱን ይመርምሩ

በቆላ ከተማ ትልቁ የወይን ጠላት ሙቀት ነው። በጭነት መኪና ተጭኖ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ጠርሙስ ውስጡ ያለው ወይን በስሏል ማለት ነው። ሦስት ምልክት ይፈልጉ። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ በላይ ገፋ ብሎ ከወጣ፣ አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ፍሳሽ ካለ፣ ወይም ነጩ ወይን ወደ ቡናማ ካደላ አይግዙ። ሱቁ ጠርሙሱን በር ላይ፣ ለፀሐይ ፊት ለፊት ደርድሮት ከሆነ ከኋላ መደርደሪያ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። ቪኞ ቬርዴ ሲቆይ የሚሻሻል ወይን አይደለም፤ አብዛኛው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ መጠጣት አለበትና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የምርት ዘመን ያንብቡ።

ያቀዝቅዙ

ቪኞ ቬርዴ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ ሻርዶኔው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ጠጁንም በዚሁ መካከል ቢያደርጉት እመክራለሁ። ለብ ያለ ደረቅ ጠጅ አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይወጣና ማሩን ይሸፍነዋል። ቦሬ ላይ ጠርሙሱን ማታ መስኮት አጠገብ ማሳደር ብቻ ሊበቃ ይችላል። ነገሌ ላይ ግን 1,500 ሜትር አካባቢ ነዎትና ሥራ ይጠይቃል። ማቀዝቀዣ ካለ ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆዩት። በረዶ ካለ ባልዲ ውስጥ ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ውሃ አድርገው አንድ እፍኝ ጨው ይጨምሩበት፤ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ቢያጠልቁት በ15 እና በ20 ደቂቃ መካከል ይደርሳል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የቆላው ደረቅ ነፋስ ራሱ ያግዛል። ጠርሙሱን በረጠበ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ያኑሩት፤ ጨርቁ ሲደርቅ እንደገና ያርጥቡት። ውሃው በተነነ ቁጥር ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ማቀዝቀዣ የሚሰጠውን ያህል አይሰጥም፣ ነገር ግን ለብ ካለው ወይን ያድናል።

አፍንጫዎን ያስለቅቁ

ከቡና በፊት ይቅመሱ። የቦረና ቆላ የዕጣን አገር ነው፤ ጠቆር ያለው የቦረና ዕጣን ፍም ላይ ከወደቀ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሽታ መለየት አይቻልም። ሽቶም እንደዚሁ። ጫት የያዘ አፍም ምላሱ ስለሚታሰር መጠጡን ሁሉ መራራ ያደርገዋል። ከምሳ በፊት፣ አፍዎን በውሃ ብቻ ተጉመጥምጠው፣ በርና መስኮት ተከፍቶ ቢሆን ጥሩ ነው።

ብርሌን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። ብርሌ ለመጠጣት ያማረ ዕቃ ነው፤ አንገቱ ጠባብ በመሆኑ ግን አፍንጫ አያስገባም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ከሌለ ተራ የውሃ ብርጭቆ ይበቃል። ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቅዱ። አንዱ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በዚህ ልክ ለ15 ቅምሻ ይሆናል።

ይዩ፣ ያሽትቱ፣ ይቅመሱ

ብርጭቆውን ከነጠላ ወይም ከነጭ ወረቀት ፊት ይያዙት። ቪኞ ቬርዴ ውሃ የመሰለ፣ የሎሚ ቅርፊት ጥላ ያለው ነው፤ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ደቃቅ አረፋ ይታያል። ሻርዶኔው ወደ ወርቅ ይጠጋል። ጠጅ ደፍረስ ቢል ነውር የለበትም፤ እንዲያውም እንደ ቀለም ድፍን ቢጫ የሆነ ጠጅ ያጠራጥራል።

ከዚያ ብርጭቆውን ሳይነቀንቁ አንዴ ያሽትቱ፤ ነቅንቀው ደግሞ ያሽትቱ። ለሽታው ስም ሲፈልጉ የሚያውቁትን ይጥሩ። ቪኞ ቬርዴ ላይ ሎሚ፣ ያልበሰለ ፖም፣ የብርቱካን አበባ ይገኛል። ሻርዶኔው ላይ ኮክ ወይም የበሰለ ሙዝ ሊመጣ ይችላል። ጠጁ ላይ ማርና ሰም፣ የጌሾ ቅጠል፣ ጋኑ የታጠነበት የወይራ ጭስ። የረጠበ ካርቶን የሚሸት ወይን ቡሹ አበላሽቶታልና ይመልሱት። እንደ ተጫረ ክብሪት የሚሸት ከሆነ ግን ጥቂት ደቂቃ ይተዉት፤ አየር ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ኮምጣጤ የሚሸት ጠጅ አይድንም።

አሁን ትንሽ ይጎንጩ፤ ወዲያው አይዋጡ። ምላስዎን በሙሉ ያዳርሱት፣ ጥቂት አየር ይሳቡበት፣ ከዚያ ይዋጡ። ከዋጡ በኋላ ራስዎን ወደ ታች ደፋ አድርገው አፍዎን ዘግተው ይጠብቁ። ከመንጋጋዎ ሥር ምራቅ ምን ያህል ይፈስሳል? የኮምጣጣነት ትክክለኛው መለኪያ ይህ ምራቅ ነው፤ ጣፋጭነት ምላስን ሲያታልል ምራቅ አይታለልም። ቪኞ ቬርዴ አፍዎን ይሞላዋል፤ ሻርዶኔው ያነሰ ምራቅ ያመጣል። ደረቅ ጠጅ እንደ አጣጣሉ ይለያያል፤ በደንብ የተብላላው ግን ከቪኞ ቬርዴ ብዙም አይርቅም። ቀጥለው ምሬቱን ይፈልጉ፦ ጠጁ ላይ የጌሾው ምሬት ከምላስ ሥር፣ ወደ ጉሮሮ መግቢያ ይቀመጣል። በመጨረሻ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይቁጠሩ። አሥር ሰከንድ ካለፈ ጥሩ መጠጥ ይዘዋል።

የአራት ቁንጥር ፈተና

ወደ ምግቡ ከመሄድዎ በፊት አንድ ሰሐን ላይ አራት ነገር ያስቀምጡ፦ ጨው፣ የተቆረጠ ሎሚ፣ ማር፣ ሚጥሚጣ። ጨው በኤል ሶድ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ለሚወጣበት ለቦረና ይህ ፈተና የሚከብድ አይደለም።

ጨው ቀመስ ያድርጉና ወይኑን ይጎንጩ። ኮምጣጣው ይለዝባል፣ የጌሾው ምሬትም ያፈገፍጋል። ሎሚ ይምጠጡና ይጎንጩ፤ ቅድም ያስጨነቀዎት ቪኞ ቬርዴ አሁን ጣፋጭ ይመስላል። ማር ይላሱና ይጎንጩ፤ ያው ወይን ባዶና ጎምዛዛ ይሆናል። ሚጥሚጣ ይቅመሱና ደረቁን ጠጅ ይጎንጩ፤ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ለስላሳ ጠጅ ካለዎት በእሱ ይድገሙት፣ ቃጠሎው ሲበርድ ይሰማዎታል።

ምግብና ወይን የማዛመድ ትምህርት ከሞላ ጎደል እዚህ ሰሐን ላይ አለ። ጨውና ሎሚ ያለበት ምግብ ወይኑን ያሳምረዋል። ጣፋጭ ምግብ ከራሱ የበለጠ ጣፋጭ መጠጥ ይፈልጋል። የሚያቃጥል ምግብ አልኮሉ ያነሰ፣ ቀዝቀዝና ጣፈጥ ያለ መጠጥ ይፈልጋል። አምስተኛው ስብ ነው፤ ስብ ምላስን ይሸፍናል፣ ኮምጣጣ መጠጥ ምራቅ ጠርቶ ያጥበዋል።

ወደ ማዕዱ

ከፍየል ጥብስ ይጀምሩ። የቆላ ፍየል ጎድን ስቡ ሳይራገፍ፣ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ሲጠበስ ከቪኞ ቬርዴ ጋር የሚስማማውን ያህል ከምንም ጋር ሲስማማ አላውቅም። ሥጋው ከመቅረቡ በፊት ሎሚ ይጭመቁበት፤ ሎሚው ወይኑንና ሥጋውን ያገናኛል። ጨው አይሰስቱ። ቃሪያውን ግን ከጥብሱ ለይተው ጎን ላይ ያቅርቡት፣ የፈለገ ይጨምር። ቪኞ ቬርዴ ከሌለ ደረቅ ጠጅ ይተካዋል፤ የጌሾው ምሬት ጠቆር ብሎ ከተጠበሰው የሥጋ ጠርዝ ጋር ይሄዳል። ሻርዶኔው እዚህ ላይ ይደክማል።

ሻርዶኔው ቦታውን የሚያገኘው ቅቤ ባለበት ነው። በቦሬና በሲዳማ ድንበር በኩል ክትፎ ከቆጮ ጋር ሲቀርብ፣ ሚጥሚጣው ቀነስ ብሎ ለብለብ ከተደረገ፣ አፍ የሚሞላው ወይን ከቅቤው ጋር እኩል ይቆማል። ቆጮው በራሱ ኮምጠጥ ስለሚል ወይኑ ያጣውን ያሟላለታል።

ከሶማሌ ጎረቤቶች የተወረሰው ሩዝ በፍየል፣ ሄልና ከሙን ያለበት፣ ሙዝ አብሮ የሚበላው ምግብ ሌላ ጠባይ አለው። የአበባ ሽታ ያለው የሎሬይሮ ቪኞ ቬርዴ ከሄሉ ጋር ይግባባል። ሙዙ ግን ጣፋጭ ነውና ከሙዙ ጉርሻ በኋላ ወዲያው አይጎንጩ፤ አንድ ጉርሻ ሩዝ መካከል ያስገቡ።

ከሐዋሳ የመጣ ዓሣ ካገኙ በጥቂት ዱቄት ጠብሰው በሎሚ ያቅርቡት። ፖርቱጋሎች ከቪኞ ቬርዴ ጋር የተጠበሰ ሰርዲን ይበላሉ፤ የእኛ ቆሮሶም አያሳፍርም።

ዶሮ ወጥና ቀይ ወጥ በበርበሬ ብዛት የደረቅ ወይን ጠላት ናቸው። እዚህ ላይ ሁለቱንም ወይን አስቀምጠው ለስላሳውን ጠጅ ያውጡ። ሽሮና ምስር ለሚቀርብበት የጾም ማዕድም ምክሩ ያው ነው። ቅቅል ከሆነ ሥጋውን ከወይኑ ጋር ይብሉ፣ መረቁን ለብቻው ይጠጡት፤ ትኩስ መረቅና ቀዝቃዛ ወይን አፍ ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱም ይደበዝዛሉ።

ሁለት ነገር ከወይን ጋር እንዳያቀርቡ አጥብቄ እለምናለሁ። አንዱ ኢቲቱ ነው። ጎርፋ በተባለ የታጠነ ዕቃ ውስጥ የረጋ የቦረና ወተት የራሱ ኮምጣጣነትና የራሱ ጭስ ያለው ሙሉ ምግብ ነው፤ ወይን ሲጨመርበት ሁለቱ ኮምጣጣዎች ተጋጭተው ወተቱ ይበላሻል። መጀመሪያ ወተቱ ይጠጣ፣ ወግ ይድረሰው፣ ከዚያ አፍ ይታጠብ። ሁለተኛው ቡና ቀላ ነው። በቅቤ የሚቀላው ቡና የምርቃትና የጸሎት ነገር ስለሆነ አልኮል አጠገቡ አይምጣ።

በእነዚህ ከተሞች ማዕድ ላይ አልኮል የማይቀምስ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ሙስሊም ዘመድ፣ ነፍሰ ጡር፣ ማታውኑ መኪና የሚነዳ። ለእነሱ ብርዝ ያዘጋጁ። ከጠጁ ማር ሳይብላላ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ሲቀርብ ኮምጣጣና ጣፋጭ ሚዛን ስለሚኖረው ከፍየሉም ከሩዙም ጋር ይስማማል። ብርዙን በተመሳሳይ ብርጭቆ ያቅርቡት። ከነገሌ በሚወጡ መንገዶች ላይ ሲመሽ ግመልና ከብት ይሻገራልና የሚነዳ ሰው ቅምሻም ቢሆን ይቅርበት።

የተረፈውን

የተከፈተ ነጭ ወይን ቡሹ ተመልሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ የቪኞ ቬርዴው ኮርኳሪ ጋዝ ግን በማግስቱ ይጠፋል። ያኔ ጥብስ መጥበሻ ላይ ሽንኩርቱ ሲቀላ ግማሽ ብርጭቆ ያፍስሱበት፣ ሽታው እስኪተን ይጠብቁና ሥጋውን ይጨምሩ። የተረፈ ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ ካስቀመጡ ክዳኑን ጥብቅ አድርገው አይዝጉ፤ እርሾው ሥራውን ስላላቆመ ጋዝ እየሞላ ጠርሙሱን ሊሰብር ይችላል። ላላ አድርገው ይክደኑት፣ ቀዝቃዛ ቦታ ያቁሙት፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይጨርሱት።